የሰውን ወርቅ ማየትና የሰውን ወርቅ መዋስ

በዚህ ዘመን ሥዕልን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ከባለሙያ እጅ ወጥቶ በተማሪ ኪስ ገብቷል። ቀድሞ ፊልም ለማንሣት ከባድ ካሜራና ብዙ መብራት፥ የፊልም ጥቅልና የማጠቢያ ቤት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን በጉለሌ በጳውሎስ ሰፈር ያለ ተማሪ በእጅ ስልኩ አንሥቶ፥ በዚያው ስልክ ቈርጦና ቀጥሎ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራውን ለዓለም ሁሉ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ «በምን እሠራለሁ» የሚለው የቀድሞ ጥያቄ ቀርቶ «ምን አይቼ እሠራለሁ» የሚለው ጥያቄ በስፍራው ተተክቷል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም ተማሪ የራሱን ፊልም ወይም የሙዚቃ ቪዲዮ ከመሥራቱ አስቀድሞ ሌሎች የሠሩትን መመርመሩ ሥራውን መቼ እንደሚያበጀውና መቼ እንደሚያበላሸው ለማየት ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ምሳሌ ይዘው ወጣቶች የሌላውን ሥራ ጨርሶ ባያዩ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ምሳሌው የሚነቅፈው የሰውን ወርቅ ተውሶ የሚያጌጠውን ነው እንጂ፥ አንጥረኛው ወርቁን እንዴት እንዳቀለጠውና እንዴት እንደ ፈተለው ቆሞ የሚመለከተውን አይደለም። ማየት አንድ ነገር ነው፤ መዋስ ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ምንም ሳያይ የሚሠራ ሰው በዛሬው ከተማ አይገኝም። ልጅ ካሜራ ከመያዙ በፊት እልፍ ሥዕል በዓይኑ አልፏል፤ ያልመረመረውም ሥዕል ሁሉ በልቡ ተቀምጦ እጁን ይመራዋል። ስለዚህ «እኔ ማንንም አልመስልም» የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ ሳያውቅ የሁሉን የሚመስል ሆኖ ይገኛል። ያልመረመሩት ነገር ጌታ ይሆናል፤ የመረመሩት ነገር ግን አገልጋይ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመገናኛ ብዙኃንን ጥናት የሚማሩ ልጆች የሙዚቃ ቪዲዮ ወይም የፊልም መክፈቻ እንዲሠሩ ሲታዘዙ፥ አስቀድመው በዚያው ዓይነት የተሠሩትን መርምረው ያዩትን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ የማድረግ ልማድ አለ። ምርመራውም እንዲህ ያለ ነው፤ አንዱን ሥራ መጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ ማየት፥ ቀጥሎ ሥዕሉን ጋርዶ ድምፁን ብቻ መስማት፥ ሥዕሉ በየስንት ጊዜ እንደሚለወጥ መቍጠር፥ ካሜራው ከሰውዬው በላይ ወይስ በታች እንደ ቆመ፥ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ፥ ልብሱና ስፍራው ምን እንደሚናገር መጻፍ። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ አደጋ አለበት። ተማሪው ያየውን ሁሉ እንደ ሕግ ይቀበለዋል፤ በሦስት የፍቅር ዘፈን ዝናብ ካየ በአራተኛው ውስጥ እሱም ዝናብ ያዘንባል። እንግዲህ ምርመራው የሚጠቅመው «እንዴት ተሠራ» ብሎ ሳይቆም «ስለ ምን እንዲህ ተሠራ» እስከሚል ድረስ ሲሄድ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የሚሠለጥነው በዚሁ መንገድ ነው። አስቀድሞ የመምህሩንና የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ይሰማል፤ ሰዋስዉን፥ ታሪኩን፥ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ይማራል። ከዚያ በኋላ ለብቻው ወጥቶ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ልኩና ዜማው ከአባቶች የተቀበለው ነው፤ ቃሉና ምስጢሩ ግን የራሱ ሊሆን ግድ ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ በማኅበር ፊት የሚያሰማ ተማሪ ያፍራል እንጂ አይመሰገንም። እንግዲህ ልኩን መውረስና ምስጢሩን መፍጠር ተለያይተው የሚታወቁ ነገሮች መሆናቸውን የቅኔ ቤት ካሜራ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ወስኖታል።

አሁን ወደ ፊልም እንመለስ። ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሌሎችን ሥራ መርምሮ የራሱን እንዴት እንዳወጣ ለማየት የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን የተማሪነት ዘመን የሚያህል ምሳሌ የለንም። እሳቸው በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ የቲያትርም ደራሲ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጁ ተረትንና ቲያትርን በቤቱ አግኝቷል። በሲኒማ ቤት ግን ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ከጊዜ በኋላ እንደ ተናገሩት፥ እሳቸውና ጓደኞቻቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ አፍሪካውያኑ ከታርዛን በስተኋላ ሲመጡ ታርዛን እንዲጠነቀቅ ይጮኹ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በቀላሉ አትለፈው። ጥቁር ልጅ በጥቁር አገር ተቀምጦ፥ የራሱን መልክ ከያዙት ሰዎች አንድ ነጭ ለማዳን ይጮኻል። ያልተመረመረ ሥዕል ጌታ ይሆናል ያልነው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ በቺካጎ የቲያትር ትምህርት ጀመሩ፤ በኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ሆኑ። በዚያ ቻርልስ በርኔትን፥ ላሪ ክላርክን፥ ጁሊ ዳሽን የመሰሉ ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ፤ ሊቃውንት በኋላ የሎስ አንጀለስ ዐመፅ ብለው የጠሩት ትውልድ ይህ ነው። እነዚህ ተማሪዎች የሆሊውድን ሥራ ብቻ አላጠኑም፤ የላቲን አሜሪካንና የአፍሪካን ፊልሞች፥ ከጦርነቱ በኋላ በኢጣልያ የተሠሩትን ስለ ድኾች የሚናገሩ ፊልሞች እያዩ ይከራከሩ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤልም እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የተገዙ ሕዝቦች ፊልም የራሱ መልክና የራሱ ጊዜ ሊኖረው እንደሚገባ አስረድተዋል።

የፕሮፌሰር ኃይሌን የተማሪነት ፊልሞች በተራ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሠሩት «የአሸዋ ሰዓት» በተባለው አጭር ፊልም አንድ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የፍራንትዝ ፋኖንን የመሳሰሉትን መጻሕፍት እያነበበ ለሌሎች መደሰቻ መሆኑን ይጠይቃል። በ1972 የሠሩት «የተቃውሞ ልጅ» የተባለው ደግሞ የተፀነሰው አንጄላ ዴቪስ እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ከታየች በኋላ ደራሲው ካለሙት ሕልም ነው። በ1975 በፈጸሙት «ቡሽ ማማ» ዶሮቲ የተባለችው ድኻ እናት ልቧ የሚነቃው በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፥ ሕፃንና ጠመንጃ የያዘችውን የአፍሪካዊት ሴት ሥዕል እየተመለከተች ነው። በዚህ ፊልም መጀመሪያ ላይ ፖሊሶች የፊልሙን ሠራተኞች አስቁመው ሲፈትሹ የሚታየውም በእውነት የሆነ ነገር ነው። እንግዲህ መጽሐፍ፥ ቴሌቪዥንና የግድግዳ ሥዕል በየተራ መጡ። ተማሪው የሰውን ሥራ መመርመሩን አልደበቀም፤ ምርመራውን ራሱን የታሪኩ አካል አደረገው። ይህ ለጀማሪ ሠሪ ሐቀኛ መንገድ ነው።

ነገር ግን ፍሬው የበሰለው በአራተኛው ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገና ተማሪ ሳሉ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አነሡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ስለዚህ ፊልሙ የአሮጌው ሥርዓት መጨረሻ ሰዓት ምስክር ሆኖ ቀረ። በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተነሣ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ የሚጫወቱበትም ሰዎች አብዛኞቹ ተዋናይነት ሙያቸው ያልሆነ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በስዊስ አገር በሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸልሟል።

በዚህ ፊልም ውስጥ የገበሬ ቤተ ሰብ ለባለ ርስት ጌታ ሲያርስ እናያለን፤ ጌታው በወንበር ተቀምጦ ከሩቅ ይቈጣጠራቸዋል። ልጃቸው ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሕልሟ ታያለች፤ ኋላም ከብት ለማዳን ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው ሁሉ ዕብድ የሚለው ከበበ በመጨረሻ ጌታውን በዱላ መትቶ ይገድለዋል። የፊልሙ ሠሪ በሎስ አንጀለስ ያጠናው ሁሉ እዚህ አለ፤ ከኢጣልያኖቹ ተዋናይ ያልሆነን ሰው ማመንን፥ ከላቲን አሜሪካኖቹ ድኻን የታሪክ ባለቤት ማድረግን ወስዷል ብል አላጋንንም። ሆኖም ይህ ከየት መጣ ብሎ ጣት ለመጠቆም ያስቸግራል፤ ምክንያቱም አሁን የታሪኩን በር የሚከፍተው ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ወይም ሥዕል አይደለም፤ የልጅቱ ሕልም፥ የገበሬው ዝምታና ያገር ቤት ዜማ ነው። ልኩ ተወርሷል፤ ምስጢሩ ግን ያገር ነው።

ስንፍናውንም ሳንናገር አንለፍ። ፊልሙ 150 ደቂቃ ይፈጃል፤ የማረሱና የመጠበቁ ርዝመት የገበሬውን ዘመን እንድናውቀው የታሰበ ቢሆንም፥ አንዳንድ ስፍራ ከትዕግሥት ወደ ድካም ያልፋል። ከበበም ብዙ ጊዜ እኛ በዓይናችን ያየነውን ነገር በቃሉ ደግሞ ይተረጕምልናል፤ ይህ ሰሙን ሰብሮ ወርቁን በእጅ እንደ መስጠት ነው፤ ሰሚው ራሱ ፈልጎ የማግኘት ደስታውን ያጣል። ይህ የወጣትነት ጥድፊያ ነው፤ ነገር ግን ከሰው የተዋሰ ሰው ስሕተት አይደለም፤ የራሱን ነገር እጅግ ለመናገር የፈለገ ሰው ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከብዙ የተዋሰ ማማር ይበልጣል።

ወደ ሙዚቃ ቪዲዮ ስንመጣ ነገሩ ይጠብባል፤ ምክንያቱም ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ቃሉና ዜማውም ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃል። አንድሩ ጉድዊን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉ ከዘፈኑ ቃል ጋር ያለውን ግንኙነት በሦስት ከፍሎታል፤ ሥዕሉ ቃሉን ያሳያል፥ ወይም ያጎለብተዋል፥ ወይም ይቃረነዋል። ለምሳሌ ዘፈኑ ስለ መለየት ቢናገር፥ አውቶቡስ ሲሄድ ማሳየት የመጀመሪያው ነው፤ እናት የሄደውን ልጅ ጋቢ ስታጣጥፍ ማሳየት ሁለተኛው ነው፤ የሰርግ እልልታ አሳይቶ የመለየቱን ቃል በላዩ ማሰማት ሦስተኛው ነው። የቅኔን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ቃሉን ብቻ የሚደግም ሥዕል ሰም ላይ ሰም መጨመር ነው፤ ወርቅ የሚገኘው ሥዕሉ ቃሉ ያልተናገረውን ሲናገር ነው።

በዚህ ሚዛን ያገራችንን ክሊፖች ብንመዝን ብዙዎቹ ቀለው ይገኛሉ። አንዱ ወገን አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ተወዛዋዦችን በለምለም ሜዳ አሰልፎ፥ ዘፋኙን በየስንኙ ልብስ እያስለወጠ ያቆማል። ይህ መልክ በ1957 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የመድረክ ውዝዋዜ ሲያሳይ ከነበረበት ሥርዓት ጋር ብዙ ይመሳሰላል፤ የመድረኩ ሰልፍ ወደ ሜዳ ወጣ እንጂ ሜዳው ራሱ ምንም አልተናገረም። ሁለተኛው ወገን የኪራይ መኪናና የሆቴል መዋኛ ያሳያል፤ ይህም ከባሕር ማዶ የተዋሰ ወርቅ ነው። ተማሪው እነዚህን ሁለቱን ብቻ አይቶ ቢመረምር ምርመራው ከሁለት ጠባብ በር አንዱን ከመምረጥ አያልፍም። ስለዚህ ጥፋቱ የማየት ብዛት ሳይሆን የማየት ጥቂትነት ነው።

ሌላ የሚታይ ነገር አለን? እጅግ ብዙ አለን። ከዐድዋ ድል በኋላ ያገራችን ሠዓልያን የሣሉትን የጦርነት ሥዕል ተመልከቱ። በአንድ ሸራ ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ፥ ጸሎቱና መድፉ፥ ሰልፉና ድሉ በአንድነት ይታያሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከላይ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰማው የቴዎድሮስ ካሣሁን «ጥቁር ሰው» የተባለው ዘፈን በሙዚቃ ቪዲዮ ሲሠራ ያጋጠመው ችግር ከእነዚያ ሠዓልያን ችግር ጋር አንድ ነበር፤ ብዙ ሕዝብና ብዙ ቀን በጥቂት ደቂቃ እንዴት ይግባ? እንደዚሁም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍሎ የሚያሳየው የሸራ ሥዕል አለ፤ የዛሬ የፊልም ሰዎች ከማንሣታቸው በፊት በየሣጥኑ የሚሥሉትን ስቶሪቦርድ ለማስተማር ከዚህ የሚሻል መጽሐፍ ከየት ይመጣል?

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት በዚያው ሥዕል ውስጥ አለ። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ሁለቱንም ዓይኖች አሳይቶ ይሣላል፤ ከሓዲና ጠላት ግን በጎኑ፥ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዐድዋ ሥዕሎች ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን፥ የወረሩን ሰዎች ግን በአንድ ዓይን የሚታዩት ስለዚህ ነው። ሠዓሊው ፍርዱን በቃል አልጻፈም፤ በፊት አቀማመጥ ሰጠው። እንግዲህ የማናቸውንም ፊልም ምሥጢር ለመመርመር አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ሁለቱን ዓይኖች ለማን ሰጠ? የታርዛን ፊልም ለታርዛን ሰጠ፤ ለዚህ ነው የጎንደር ሕፃናት ለእሱ የጮኹት። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለገበሬው ቤተ ሰብ ሰጠ። ብዙ ክሊፖቻችን ግን ለዘፋኙ ብቻ ሰጥተው፥ የሚወዛወዙትን ሴቶች ትከሻና ወገብ አሳይተው ፊታቸውን ይነሷቸዋል።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ጉለሌ እንግባ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች የውጭ አገር ሰዎችም ያገር ሰዎችም ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሥተዋቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ግን ጭነቱ ነው እንጂ ፊቱ አይደለም። ተማሪ ይህን ሥዕል ሳይመረምር ቢደግመው፥ ጎረቤቱ ልትሆን የምትችለውን ሴት ጀርባ ብቻ አድርጎ ያስቀራታል። ቢመረምረው ግን ካሜራውን ይዞ ወደ ፊቷ ይዞራል፤ አስቀድሞም ፈቃዷን ይጠይቃል። በሽሮ ሜዳ ለክሊፕ የሚገዛው ቀሚስ ጥለቱ ጥበብ ይባላል፤ ተማሪው ልብሱን ከሱቅ ገዝቶ ዘፋኙን ከማልበሱ ሌላ፥ ያንን ጥበብ የሚሠራውን ሸማኔ እጅና እግር ከመወርወሪያው ጋር እንዴት እንደሚስማማ ቢመለከት፥ የሥዕል አቈራረጥ ከዜማ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ይማር ነበር። በጳውሎስ ሆስፒታል በር ከየአገሩ የታመመ ዘመዱን ይዞ መጥቶ የሚጠብቀው አስታማሚ ስለ መጠበቅ የሚያስተምረውን ማናቸውም የውጭ ፊልም አያስተምርም፤ ነገር ግን መጠበቅን በፊልም ማሳየት እንዴት እንደሚቻል ለማወቅ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ማየት ይጠቅማል። የሰው ሥራና የሰፈር ኑሮ እንዲህ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ዕውር ነው።

በዚህ ነገር የተማረው የከተማ ሰውም ካህናቱም ድርሻ አለባቸው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። ስሙ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ፍርሃቱም ጨርሶ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱም ያ ቤት የሚያሳየው የሰውን ዓለም ብቻ ነበር። ነገር ግን በሩን ከውጭ ሆኖ መርገም ውስጥ ያለውን ሥዕል አልለወጠውም፤ ልጆቹ ገቡ፥ አዩ፥ ለታርዛንም ጮኹ። ዛሬ ያ ቤት በየልጁ ኪስ ነው፤ በሩን መዝጋትም አይቻልም። የሚቻለው ልጁ የሚያየውን እንዲመረምር ማስተማርና ከእኛ ዘንድ የሚመረመር ነገር መጨመር ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕልን የሚያውቅ አባት ለአንድ የፊልም ተማሪ የሁለቱን ዓይኖች ሥርዓት ቢያስረዳው፥ በ1957 ዓ.ም. ገደማ የተሠራውን «ሂሩት አባቷ ማነው»ን ወይም በ1966 ዓ.ም. የተሠራውን «ጉማ»ን በወጣትነቱ ያየ የከተማ ሰው ያየውን ቢነግረው፥ አሮጌ ፎቶግራፍ ያለው ቤተ ሰብ ሣጥኑን ቢከፍትለት፥ ይህ ሁሉ ከካሜራ ስጦታ የሚያንስ አይደለም።

ለተማሪውም አንድ ምክር አለን። ሥራህን ከመጀመርህ በፊት ሦስት ነገር ተመልከት፤ አንዱ ከባሕር ማዶ፥ አንዱ ካገርህ የቀድሞ ሥራ፥ አንዱ ከሰፈርህ ይሁን። ከመጀመሪያው ልኩን፥ ከሁለተኛው ሥርዓቱን፥ ከሦስተኛው ምስጢሩን ውሰድ። ከዚያ በኋላ ሁሉን ዘግተህ ለብቻህ ቍጠር። ሥራህን ስትጨርስም ሰው ሳይጠይቅህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ በዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓይኖች ለማን ሰጠሁ? መልሱ ስታነሣ ያላሰብኸው ሰው ሆኖ ቢገኝ፥ የሠራው ሌላ ነው፤ አንተ የእሱ እጅ ሆነህ ነበር። መልሱ አውቀህ የመረጥኸው ሰው ቢሆን ግን፥ የብዙ ሰው ወርቅ ብታይም ያጌጥኸው በራስህ ነው።